ኢ-ሪደር ወደፊት ዕድሜ አለው? ልግዛ ወይስ ልተወው?

የመንቲናዋ፦

ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

ወንድሜ ዱባይ ነው የሚሠራው። ለፋሲካ ሲመጣ ምን እንዲያመጣልኝ ጠየቀኝና ኪንድል፣ ማለትም የአማዞንን ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ)፣ አልኩት። እሱ ደግሞ "ይሄ ዕቃ እኮ እየቀረ ነው፣ ትንሽ ጨምሬ ደህና ታብሌት ብገዛልሽ አይሻልም?" አለኝ። እውነቱን ነው እንዴ? እኔ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በስልክ ነው የሚያነቡት። ጅማ ውስጥ ኢ-ሪደር ይዞ ያየሁት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቀን ጊዜ ስለማይኖረኝ የማነበው ማታ ነው፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። ስልክ ላይ አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ የቴሌግራም መልእክት ይገባል፣ እሱን ልይ ስል ሌላ ነገር ውስጥ እገባለሁ፣ በዚያው ሰዓቱ ይሄዳል። ዓይኔም ይቆጠቁጠኛል። ክረምት ላይ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር የስልኬን ባትሪ ለነገ መቆጠብ ስላለብኝ ንባቡ ይቀራል። የማነበው ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ አማርኛ። የአማርኛዎቹ እንደምታውቁት ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ፒዲኤፎች ናቸው። አባቴም ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ዓይኑ ስለደከመ ትልቅ ፊደል ካልሆነ አያነብም፣ ለእሱም ይሆናል ብዬ ነው።

ድርጅቶቹ ነገ ቢተዉት እጄ ላይ የቀረው ዕቃ ምን ይሆናል? አማርኛስ በደንብ ያሳያል? የያዛችሁ ሰዎች ካላችሁ ከልባችሁ ንገሩኝ። የወንድሜ ላብ ስለሆነ ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ አልፈልግም።

ኪቶ_ፉርዲሳ፦

እህቴ፣ በግልጽ ልንገርሽ፣ አትግዢ። ወንድምሽ ልክ ነው።

ኢ-ሪደር የተሠራው መጽሐፉን ከእነሱው መደብር ለሚገዛ ሰው ነው። አንቺ ከዚህ ሆነሽ ከአማዞን መጽሐፍ ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልግሻል። ስንቶቻችን አለን? የአገር ውስጥ የመጽሐፍ አፖች ደግሞ ለስልክ የተሠሩ ናቸው፣ ኪንድል ላይ አይጫኑም። የቴሌግራሞቹ ፒዲኤፎች አብዛኞቹ የገጽ ፎቶ ናቸው። ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ስትከፍቺያቸው የ"ሉ"ና የ"ሊ" ልዩነት፣ ያቺ ትንሽ ሰረዝ፣ ከነጭርሱ አትታይም። ማጉላት ትችያለሽ፣ ግን ዕድሜሽን በሙሉ ገጹን ወዲያና ወዲህ ስትጎትቺ ትኖሪያለሽ።

ስለ ወደፊቱ ከጠየቅሽ ታሪኩን እዪ። የኢ-ኢንክ (የኤሌክትሮኒክ ቀለም) ስክሪን ያለው ማንበቢያ ለገበያ ቀድሞ ያወጣው ሶኒ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ። በ2014 ጥሎ ወጣ። አማዞን ቻይና ውስጥ የነበረውን የኪንድል መጽሐፍ መደብር በ2023 ዘጋው። የቻይናን የሚያህል ገበያ ይዞ ካላዋጣው፣ እኛን ማን ያስበናል? ዋጋውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጡ ተራው ኪንድል 110 ዶላር ገደማ ነበር፣ ፔፐርዋይት የሚባለው ኪንድል 160። ብሩ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ከተንሳፈፈ ወዲህ 160 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ገንዘብ መጽሐፍም፣ ቪዲዮም፣ የፈተና ወረቀት ማዘጋጀትም የሚችል ታብሌት ታገኛለሽ።

ጥገና_ቤት፦

ኪቶ ወንድሜ፣ ስለ ፒዲኤፉ ያልከው ልክ ነው። ስለ ወደፊቱ ያልከው ግን አይመስለኝም።

እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ስልክ እጠግናለሁ። ኢ-ሪደርም አልፎ አልፎ ይመጣልኛል፣ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ሰው የማይረዳው ይሄ ስክሪን ከስልክ ስክሪን ጋር ዝምድና የሌለው መሆኑን ነው። የስልክ ስክሪን ብርሃን ይተፋል። ኢ-ኢንክ ውስጥ ያለው የፀጉር ውፍረት የሚያክሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው፣ በየከረጢቱ ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ ውስጥ ነጭና ጥቁር የቀለም ብናኝ አለ፣ ነጩና ጥቁሩ ተቃራኒ ቻርጅ ስላላቸው ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም እዚያው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ገጹ ፊትሽ ተከፍቶ ቢያድር ስክሪኑ ባትሪ አይበላም። የሚበላው ገጽ ስትገልጪ ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። መብራቱና ዋይፋዩ ናቸው ዋናዎቹ በላተኞች። መብራቱ ደግሞ ከጠርዝ ተነስቶ ገጹ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ወደ ዓይንሽ አይደለም የሚተኩሰው። ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል ላልሽው ይሄ ለውጥ አለው።

በማስታወቂያው ግን አትታለዪ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፔፐርዋይት "እስከ 12 ሳምንት" ይላል። እሱ የተሰላው በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ካነበብሽ ወደ ሁለት ሳምንት ይወርዳል። ለኛ ሁለት ሳምንትም ብዙ ነው፣ መብራት በሄደ ጊዜ ፓወር ባንክ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደፊቱን ልንገራችሁ። ይህን ስክሪን የሚሠራው ኢ ኢንክ የሚባል ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ባለቤቱ የታይዋን ኩባንያ ነው። ዛሬ ከትልልቅ ገበያዎቹ አንዱ መጽሐፍ አይደለም። ውጭ አገር ሱፐርማርኬት የሄደ ሰው አይቷቸው ይሆናል፣ መደርደሪያ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ የዋጋ ማሳያ ስክሪኖች በብዛት ከዚሁ ቴክኖሎጂ ናቸው። ኪንድል ቢቆም እንኳ ፋብሪካው አይዘጋም። ፋብሪካው ካለ አንድ ሌላ ድርጅት ስክሪኑን ገዝቶ ማንበቢያ ይሠራል። ኮቦ አለ፣ ፖኬትቡክ አለ፣ ቦክስ የሚባለው የቻይና ዕቃ አለ። በ2024 ኮቦም አማዞንም ባለቀለም አውጥተዋል። ኮቦ በዚያው ዓመት ዕቃው እንዲጠገን አይፊክስኢት ከሚባል የጥገና መመሪያና መለዋወጫ አቅራቢ ጋር ተስማምቷል። ሊተወው ያሰበ ድርጅት የጥገና መመሪያና መለዋወጫ ለማቅረብ አይደክምም።

እንደ ስልክ በየሰው እጅ አይገባም፣ እሱን እቀበላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የመጀመሪያው ኪንድል በ399 ዶላር ሲወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሸጦ አለቀ፣ ያኔ ሰው የወረቀት መጽሐፍ ሊጠፋ ነው ይል ነበር። አልጠፋም። ኢ-ሪደርም በዚያው ልክ ብዙ የሚያነብ ሰው ዕቃ ሆኖ ቀረ። ለብዙ አንባቢ የተሠራ ዕቃ ደግሞ አንባቢ እስካለ ይፈለጋል።

ኪቶ_ፉርዲሳ፦

ማብራሪያው ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን መደብሩ ቢዘጋስ? አማዞን ከገዢው መሣሪያ ላይ መጽሐፍ አጥፍቶ አያውቅም እንዴ?

ጥገና_ቤት፦

አጥፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሰው ገንዘብ ከፍሎ የገዛቸውን መጻሕፍት የሸጠው ወገን መብት አልነበረውም ብሎ ከርቀት አነሳቸው፣ ሲወቀስም ይቅርታ ጠየቀ። ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የገዛሽውን መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር አውርደሽ በኬብል የምታስተላልፊበትን መንገድ ዘግቶታል። ይሄ ለኔ ከባድ ነገር ነው። የከፈልክበት መጽሐፍ ያንተ ካልሆነ ምን ገዛህ ይባላል?

ግን ለየው። የተዘጋው ከመደብሩ የተገዛው መጽሐፍ ነው። የራስሽን ፋይል በኬብል መጫን አሁንም ይቻላል። የእህታችን መጻሕፍት ደግሞ ከመደብሩ የተገዙ አይደሉም። ስለዚህ ድርጅቱ ነገ ቢከስርም ባትሪው እስከሠራ ታነብበታለች። ባትሪውም ይቀየራል፣ እኔ እቀይራለሁ። የማልጠግነው ስክሪኑን ነው። ከላይ ፕላስቲክ ይመስላል እንጂ ሥሩ ስስ መስታወት ነው፣ ቦርሳ ውስጥ አንድ ነገር ከተጫነው ይሰነጠቃል፣ መለዋወጫውም እዚህ ገበያ ላይ የለም። ጠንካራ ሽፋን ሳይኖረው ከቤት እንዳታወጪው።

ቡና_ጣቢያ፦

እኔ ያለኝ ፔፐርዋይት ነው፣ የድሮው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ነው የምከርመው። እሸት ቡና የሚገባው ከሰዓትና ማታ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የማድረቂያ አልጋው ላይ ያለውን ቡና ከማየት በቀር ብዙ ሥራ የለም። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ለማሽኑ ስለሆነ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ወረፋ አለው። እኔ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። ስልክ ፀሐይ ላይ ምንም አያሳይም፣ ይሄ ፀሐይ በበረታ ቁጥር እየጠራ ነው የሚሄደው። ለዚህ ብቻ ብዬም እገዛዋለሁ።

የማይወደድ ነገርም አለው፣ እሱን ሳታውቂ እንዳትገዢ። ቀርፋፋ ነው። አንድ ቃል ልትጽፊበት ብትሞክሪ ፊደሉ ከጣትሽ ኋላ ነው የሚመጣው። ገጽ ስትቀይሪ አንዳንዴ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይጠቁርና ይመለሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለፈው ገጽ ጽሑፍ በስሱ ከሥር ይታያል። መጀመሪያ ያናድዳል፣ በኋላ ትለምጂዋለሽ። ሌላው ደግሞ መዝገበ ቃላቱ ነው። እንግሊዝኛ ስታነቢ ቃሉ ላይ ጣትሽን ስታሳርፊ ትርጉሙ እዚያው ይመጣል። የኔ እንግሊዝኛ የተሻሻለው በዚህ ነው ማለት እችላለሁ። ለአማርኛ ግን ይሄ የለም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ አፋን ኦሮሞ ያለ ምንም ጣጣ ነው የሚከፈተው። በቁቤ ስለሚጻፍ ፊደሉ ሁሉም መሣሪያ ላይ አለ። ጣጣው ያለው የኛ የግዕዝ ፊደል ላይ ነው።

እርሻ_ኮሌጅ፦

የምርምር ጽሑፍ ለማንበብ ያሰበ ካለ ስድስት ኢንቹን አይግዛ። እኔ የማነበው በሁለት ዓምድ የተጻፈ የጆርናል ፒዲኤፍ ነው፣ ግራፍና ሠንጠረዥ አለው፣ ባለቀለም ካርታ አለው። እሱ እዚያ ላይ አይነበብም። ባለ አሥር ኢንቾቹ ይችላሉ፣ ዋጋቸው ግን ከላፕቶፕ ጋር ይቀራረባል። የአዲሶቹ ቀለምም ቢሆን ገና ደብዛዛ ነው። ጥቁርና ነጩ በኢንች 300 ነጥብ ሲያሳይ ቀለሙ 150 ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ታብሌት ይሻላል፣ የኪቶ ምክር እዚህ ላይ ይሠራል።

ልብወለድና ታሪክ ለሚያነብ ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚፈሰው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ፊደሉን እንደፈለጉ ማሳደግ ይቻላል።

ስለ እንቅልፍ ብዙ ስለሚወራም አንድ ነገር ልጨምር። ከመተኛት በፊት በስክሪን ማንበብ እንቅልፍ ያዘገያል የሚለው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት በየቦታው "ኢ-ሪደር እንቅልፍ ይነሳል" እየተባለ ይጠቀሳል። ጥናቱ የተሠራው በአይፓድ ነው፣ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። ጉዳዩ ከፊት የሚተኩሰው ብርሃን ነው እንጂ ኢ-ኢንክን አላጠኑም።

መጽሐፍ_ሻጭ፦

ሁላችሁም ስለ ዕቃው ነው የምታወሩት። እኔ ስለ መጽሐፉ ልናገር።

መጽሐፍ ሻጭ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። እህታችን "አማርኛ ያሳያል ወይ?" ብላ ጠይቃለች። ያሳያል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ) ውስጥ ገብቷል፣ ፎንት ከተጫነ ማንኛውም ዕቃ ያሳየዋል። የጎደለን ማሳያው አይደለም፣ የሚታየው መጽሐፍ ነው። እውነተኛ ጽሑፍ ሆኖ፣ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ አብሮ የሚስተካከል የአማርኛ መጽሐፍ ስንት አለ? ከኔ መደርደሪያ ላይ ካሉት ውስጥ በዚያ መልክ የሚሸጥ አንድም አላውቅም። ያለው ፎቶ ነው። አንድ ሰው መጽሐፉን ገንጥሎ በስልኩ ገጽ በገጽ ያነሳዋል፣ ጠርዙ ላይ አውራ ጣቱ ሳይቀር ይታያል፣ ይለጥፈዋል፣ በሺዎች ይወርዳል። ደራሲው ሳንቲም አያገኝም፣ አንባቢውም ደህና ነገር አላገኘም።

የሚያሳዝነው፣ ደራሲው ጋ ንጹሑ ፋይል አለ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የገባው በኮምፒውተር ተተይቦ ነው። ከዚያ ፋይል ኢፐብ (ፊደሉ የሚያድግ የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ማውጣት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ለምን አያወጡም? ይፈራሉ። "ሶፍት ኮፒው ከወጣ አለቀልኝ" ይላሉ። እኔ ደግሞ ሁሌ የምላቸው አንድ ነው። ሶፍት ኮፒው ወጥቷል እኮ! በጣም መጥፎው ሶፍት ኮፒ ነው የወጣው። ደህናውን በተመጣጣኝ ዋጋ፣ በቴሌብር ተከፍሎ የሚወርድበት ቦታ ብታስቀምጡ የሚገዛ ሰው አለ። ሁሉም አይገዛም፣ አውቃለሁ። ዛሬ ግን መግዛት የሚፈልገው ሰው እንኳ የሚገዛው የለውም።

የቆዩት መጻሕፍት ሌላ ችግር አለባቸው። በፊት ሁሉም ሰው የሚተይበው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድን አይከተሉም። ፋይሉን ዛሬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው የሚወጣው፣ አንድ ቃል አይነበብም። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ከተቀየረ በኋላ ግን ሰው ተቀምጦ መስመር በመስመር ማረም አለበት። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው እኔ አላየሁም። ፋይሎቹ ያሉት በአሮጌ ኮምፒውተርና በሲዲ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ በተጣለ ቁጥር አንድ መጽሐፍ አብሮ ይጣላል።

ስለዚህ ኢ-ሪደር የወደፊት ዕድሜ አለው ወይ ለሚለው የኔ መልስ፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አለው። ለአማርኛ አንባቢ ገና አልተጀመረም። የሚጀመረው በዕቃው መርከስ አይደለም፣ ፋይሉ ሲኖር ነው።

ጡረተኛ_መምህር፦

ልጆቼ፣ ጥሩ እየተወያያችሁ ነው።

እኔ የምጽፈው ስለ አባትሽ ነው፣ ልጄ። የልጅ ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን አምጥቶልኝ በእሱ ነው የማነበው። ወረቀት መጽሐፍ እወዳለሁ፣ ብዙም አለኝ። ነገር ግን የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም እርጥበቱ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ መጽሐፍ ጀርባው ይሻግታል፣ ገጹ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አውጥቼ ፀሐይ አሰጣቸዋለሁ፣ እንዲያም ሆኖ የተበላሹብኝ አሉ። ዋናው ምክንያቴ ግን ዓይኔ ነው። የወረቀቱ ፊደል ላንተ ብሎ አያድግም። እዚህ ላይ ግን አንድ ገጽ ላይ ስምንት ዘጠኝ መስመር ብቻ እስኪቀር አሳድጌ አነባለሁ። ያለ አጉሊ መነጽር ማንበብ የቻልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለአንድ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለወጣት ማስረዳት ይከብደኛል።

የመጽሐፍ ሻጩ ልጄ ያለው ግን ያሳስበኛል። እኔ ላይ የተጫኑልኝ የአማርኛ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው፣ ደጋግሜ ጨርሻቸዋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ነው። የእሳቸውንና ካረፉ 50 ዓመት ያለፋቸውን ሌሎች ደራሲዎች ሥራ ተይቦ በነፃ ማቅረብ ማንንም አይበድልም። ታዲያ ምን እንጠብቃለን?

የመንቲናዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን ሳነብ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ "እኔም እንደሱ ማንበብ እችላለሁ ማለት ነው?" አለኝ። ስለዚህ የመግዛቱ ነገር ተወስኗል። ኪቶ፣ አንተም አትቀየመኝ፣ ፈተና የማዘጋጅበት ላፕቶፕ አለኝ፣ ታብሌት ቢመጣ ሁለተኛ ስልክ ነው የሚሆንብኝ። ቴሌግራም የማይገባበት ዕቃ ነው የምፈልገው።

ጥገና ቤት፣ የትኛውን ልበለው? ፎንቱንስ እንዴት ነው የምጭነው?

ኪቶ_ፉርዲሳ፦

ምን ቅያሜ አለው እህቴ። ለአባትሽ ከሆነ እኔም እደግፋለሁ። የጋሼን ነገር አላሰብኩትም ነበር።

ጥገና_ቤት፦

ወንድምሽ ኮቦ ካገኘ ኮቦ ያምጣ። ኢፐብን ሳይቀየር ይከፍታል፣ ኬብል ሰክተሽ መቅዳት ብቻ ነው። ካላገኘ ፔፐርዋይት ይሁን። ተራው ኪንድል ከውኃ አይከላከልም፣ ፔፐርዋይት ይከላከላል፣ በኛ ዝናብ ልዩነት አለው። ስትመርጡ ማስታወቂያ የሌለበትን ዓይነት ይበል፣ ርካሹ ስክሪኑ ሲዘጋ ማስታወቂያ ያሳያል።

ፎንቱ ቀላል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አውርጂ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ዕቃውን በኬብል ከላፕቶፕሽ ጋር አገናኚው። ኪንድል ላይ "ፎንትስ" የሚል ፎልደር ታገኛለሽ፣ ኮቦ ላይ ራስሽ ትከፍቺዋለሽ፣ ስሙ በእንግሊዝኛ በትንሹ ፊደል ይሁን። ፎንቱን እዚያ ገልብጪ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተሽ የፊደል ምርጫው ውስጥ ትመርጪዋለሽ። ፎንት ሳይኖር ባዶ ሳጥን ሳጥን ቢያሳይሽ እንዳትደነግጪ፣ መጽሐፉ አልተበላሸም። ኪንድል ከሆነ ካሊበር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፣ ኢፐቡን እሱ ይቀይርልሻል።

ለፎቶ ፒዲኤፎቹ ኮቦ ላይ ኮ-ሪደር (KOReader) የሚባል ነፃ የማንበቢያ ፕሮግራም ይጫናል። የገጹን ምስል ቃል በቃል ቆራርጦ እንደገና ይደረድረዋል። ፎቶው ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ይሠራል፣ የተንጋደደ ከሆነ ግን አይረባም። ካስቸገረሽ ሱቅ ብቅ በይ፣ እኔ እጭንልሻለሁ።

መጽሐፍ_ሻጭ፦

ጋሼ የጠየቁት "ምን እንጠብቃለን?" የሚለው ከአእምሮዬ አልወጣም። ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ከፎቶ ላይ አማርኛ ያነባል። ኪቶ፣ አንተ ኮምፒውተር ላይ ስለሆንክ ታውቀው ይሆናል። ሱቄ ውስጥ መብታቸው ያለፈ ሦስት አራት አሮጌ መጻሕፍት አሉ፣ ስካን አስደርጋለሁ። ማሽኑ "ሰ"ን "ስ" እያለ፣ "ለ"ን "ሉ" እያለ ስለሚስት የሚያርም ዓይን ነው የሚያስፈልገው።

ኪቶ_ፉርዲሳ፦

አውቀዋለሁ። የአማርኛ ፋይሉን ላፕቶፔ ላይ እጭናለሁ። በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) አስደርገው፣ በስልክ ፎቶ እንዳይሆን፣ የግቢው አካባቢ ደህና ስካነር ያላቸው ቤቶች አሉ።

የመንቲናዋ፦

እርማቱ ላይ እኔ አለሁ፣ የአማርኛ አስተማሪ ጓደኛዬም ትገባለች። መጽሐፉን በምዕራፍ ከፋፍላችሁ ላኩልን። ጋሼ፣ እርስዎ የመጨረሻውን ንባብ ይያዙልን፣ በትልቅ ፊደል እንልክልዎታለን።